ምርቃት በልክ አይሰፈርም

በ2093 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመንግሥት ሰዎች የኮምቦልቻን ጣሳ በሙሉ ሰበሰቡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀበሌው በመኪና እየዞሩ ለቀሙትና ቅዳሜ ዕለት ስታዲየም ውስጥ አስጥተው በመንገድ መዳመጫ ሄዱበት። በቴሌቪዥን አየነው። ጋዜጠኛው «አርባ ሺህ ጣሳ» አለ፤ ደስ ብሎት ነው የተናገረው። ከአርባ ሺው ውስጥ አብዛኛው ከቆሻሻ ገንዳ የተለቀመ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እንደነበረ እሱም አልጠየቀ፣ እኛም አልነገርነውም። የምንሰፍርበት ጣሳ በየቤታችን አልጋ ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ልክ» የሚባል መለኪያ ነው። ኪሎም ቀረ፣ ሜትርም ቀረ፣ ሊትርም ቀረ። ቁናና ስንዝርማ ስማቸውን የጠራ ሰው ይመከራል። አሁን ሁሉም ነገር የሚለካው በልክ ነው። አንድ ልክ ምስር ማለት ለገዢው የሚበቃው ምስር ነው። ለእኔ የሚበቃኝና ለጎረቤቴ የሚበቃት ስለሚለያይ የእኔ አንድ ልክና የሷ አንድ ልክ አንድ አይደለም። ይህን በስብሰባ ሲያስረዱን ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና «አንዱ አንድ ካልሆነ ለምን አንድ ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከልክ በላይ ነው ተባለና ስብሰባው ተዘጋ።

የሰውን ልክ የሚያውቀው አምባሩ ነው። ሁላችንም ግራ እጃችን ላይ አለ። ሌሊቱን ሲያዳምጠን ያድርና ጠዋት ልካችንን ያወጣል። ትናንት ብዙ የተራመደ ሰው ልኩ ከፍ ይላል፤ ተኝቶ የዋለ ዝቅ ይላል። ያረጀ ሰው ደግሞ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይነሳለታል። ሲነሳለት «እንኳን ደስ አለዎት፣ ፍላጎትዎ ቀንሷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

መንገዱም በልክ ነው። ከእኔ ሱቅ እስከ ቦርከና ድልድይ ለእኔ ሁለት ልክ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ለጎረቤቴ ለእትዬ ይመኙሻል ስድስት ልክ ነው። ድሮ እንግዳ መንገድ ሲጠይቀን በእጃችን እንጠቁመው ነበር። አሁን መጀመሪያ ጉልበቱን እናያለን። አነጋገሩም ተበላሽቷል። «ልክህን አሳይሃለሁ» ድሮ ሰው ሊደባደብ ሲል የሚለው ነበር። አሁን ጤና ጣቢያ ስንገባ ነርሷ ፈገግ ብላ የምትለን ነው።

ሕዝቡ እምቢ አለ። እምቢ ያለው ግን እንደ ሕዝብ ነው፤ ማለትም አምባሩን አጥልቆ፣ ሰልፉን ተሰልፎ፣ ሁሉንም እያደረገ እምቢ አለ። ገዢው ሱቄ መጥቶ ዛሬም «ሁለት ጣሳ ምስር» ይላል። በየሱቁ የተተከለችው ተናጋሪ ሚዛን «ቃሉ አልተገኘም» ትላለች። ገዢው ደግሞ «አንቺ ነሽ ያልተገኘሽው» ይላታል። ሚዛኗ ድምፅዋ የሴት ነው፤ ትሁት ናት። ልኩ ሲደርስ ምስሩን የምታወርድበትን አፏን ትዘጋና «ልክዎ ነው» ትላለች። ትንሽ ጨምሪ ስትባል «ከልክዎ በላይ ነው፤ ስለ ጤናዎ እናስባለን» ትላለች። ስንት ሰው ሰድቧታል። አትቀየምም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ምስር ሸጫለሁ፣ ከእናቴ ጋር የሸጥኩትን ሳልቆጥር። ሰፍሬ ስጨርስ ገዢው «መርቂልኝ» ይለኛል፤ እኔም ከላይ አንድ እፍኝ ጣል አደርግለታለሁ። ምርቃት የምንለው ይህንኑ ነው። ያለ ምርቃት የገዛ ሰው የገዛ አይመስለውም፤ የተቀጣ ነው የሚመስለው። ሚዛኗ ከመጣች በኋላም እጄ መመረቁን አልተወም። ጣሪያው ላይ ያለው የካሜራ ዓይን አየኝና ሚዛኗ ቢጫ ወረቀት ተፋች። ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሦስት ከሞላ ሱቅ ይታሸጋል። በወር ውስጥ ሁለተኛውን አገኘሁ።

ሁለተኛው የወጣ ዕለት ልዑልሰገድ መጣ። ልዑልሰገድ ልክን የሚያስከብረው የልክ ጽሕፈት ቤት የገበያ ተቆጣጣሪ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ከዚያ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ወደ ምስሩ መጣሁ።

«ደብሪቱ፣ አንድ ቢጫ ነው የቀረሽ» አለኝ።

«እፍኝ ምስር እኮ ነው ልዑሌ።»

«እፍኝ የሚባል ነገር የለም።»

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። «ይኸው።»

«እሱ እጅ ነው።»

ጣቶቼን አጠፍኳቸው። «አሁንስ?»

«አሁንም እጅ ነው። የታጠፈ።»

«ለዚህ ነው እስከ ዩኒቨርሲቲ የደረስከው?»

ከቦርሳው ወፍራም መጽሐፍ አወጣና ምስሩ ላይ አስቀመጠው። የልክ አዋጅ ነው። «አንብቢው። በዚህ ገበያ አንድም ሰው አላነበበውም። ሳታነቡ ነው የምትቃወሙት።»

«አንተ አንብበኸዋል?»

«ማጠቃለያውን» አለና ሄደ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ይመኙሻል ከጽሕፈት ቤቱ ተመልሰው ሱቄ በር ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ጋሽ ሙሄ ከሞተ አንድ ወር አልፎት ነበር፤ አርባው እሑድ ነው። ጋሽ ሙሄ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪኖቹ ያለ ሾፌር መሄድ ሲጀምሩ ቤት ዋለና የሰፈሩ ድንኳን ተካይ ሆነ። በሰፈራችን ለሞተ ሰው ሁሉ ድንኳን የተከለው፣ የእድሩን ትልቅ ድስት በጀርባው ያመላለሰው እሱ ነው። አሁን ተራው የሱ ተዝካር ነው። እንጀራውን የእድሩ ሰው ከየልኩ ቀንሶ ያዋጣል። ወጡ ግን ከባለቤቲቱ ቤት ካልወጣ ተዝካር አይባልም።

እትዬ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የቀን የምስር ልካቸው ሁለት ማንኪያ ነው። ለተዝካሩ የሚበቃ ምስር እንዲፈቀድላቸው ሊጠይቁ ነበር የሄዱት።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ስንት ሰው ነው የሚበላው አሉኝ። የመጣው ሁሉ አልኳቸው። ቁጥር ነው የምንፈልገው አሉ። እሱንማ እሑድ ማታ ነው የማውቀው አልኩ።»

ከጎኔ ሽንብራ የምትሸጠው ዘሃራ ጠጋ አለች። «ከዚያስ እትዬ?»

«እንግዶቹ ልካቸውን በየኪሳቸው ይዘው ይምጡ አሉኝ።»

«በኪስ? ወጥ?»

«ጥሬውን። በጽሑፍ ነው የሰጡኝ፤ ይኸው።»

ዘሃራ ወረቀቱን ገለበጠችው። «የጋሽ ሙሄስ ልክ? ተዝካሩ የሱ አይደል እንዴ?»

«የሟች ልክ ዜሮ ነው አሉ።» እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሐዘናቸውን ገልጸው ነው ግን። ልጅቷ ጨዋ ናት።»

 እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ ቀጠሉ። «የስንቱን ሰው ድንኳን ተከለ። የሱን ነፍስ ሁለት ማንኪያ ምስር ነው የማወጣላት? ሰው ድስቱን ከፍቶ አይቶ ይክደነው? ለሙሄ ሳላበላለት ከቀረሁ በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም ደብሪቱ። የምሄድበትን ሌላ ሰፈር ፈልጊልኝ።»

 በነጋታው ገዢ ስላልነበረኝ አዋጁን ከፈትኩት። እኔ የማነበው በጣቴ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ አንዱንም ሳልዘል። መዝለል የሚችለው በደንብ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ዘሃራ በየመሃሉ «የት ደረስሽ?» ትለኛለች። «ጫማ ላይ ነኝ» እላታለሁ። የጫማው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ነው። በሦስተኛው ቀን አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩና ጣቴ ቆመ።

«ዘሃራ፣ ነይ እስቲ።»

«ምን አገኘሽ?»

አነበብኩላት። «ጸሎት፣ ምርቃት፣ እርግማን፣ ልቅሶና ፉጨት በልክ አይሰፈሩም፤ መጠናቸውም በማንኛውም አካል አይገደብም።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላት። ዘሃራ ሽንብራዋ ላይ ተቀመጠች። «ምርቃት ነው የሚለው?»

«ምርቃት።»

«ወላሂ ይሄን የጻፈው ሰው ገበያ ወርዶ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። አዋጁን ያረቀቀው ባለሙያ ያሰበው የሽማግሌ ምርቃት ነው፤ ሠርግ ላይ የሚባለውን። ምስር ሸምቶ «መርቂልኝ» ብሎ የሚያውቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ቃሏን ያወጣት ነበር። አልነበረም። ሁሉም የተማሩ ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ እትዬ ይመኙሻል መጡና አምባራቸውን ሚዛኗ ላይ አስጠጉ። ሁለት ማንኪያ ምስር ወረደ። «ልክዎ ነው» አለች ሚዛኗ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ቤት ውስጥ የተለማመድነውን ነው የሚሉት። «መርቂልኝ ልጄ።»

ከኋላዬ ያለውን ኩንታል ጎተትኩት። ዘሃራ በአንድ በኩል ያዘችልኝ፤ አፉን ፈታንና ወደ እሳቸው ጆንያ ማፍሰስ ጀመርን። ሚዛኗ ቢጫ ወረቀት ተፋች። ቀጥሎ ሁለት ተፋች። ከዚያ ወረቀቱ አለቀባት መሰለኝ፣ ባዶውን ታጓራ ጀመር። ልዑልሰገድ ሰውን እየገፋ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርቃት።»

«ኩንታል ምስር እኮ ነው ደብሪቱ።»

«ሁለት ነው። አንዱ ገና አልተፈታም።»

«በቃ፣ ሱቁ ታሽጓል።»

አዋጁን ከፍቼ ጣቴን ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከኋላው ሌላ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ገጹን ገለበጠው። ጆሮው ሲቀላ አየሁት፤ ሁለተኛ ክፍል እያለንም ሒሳብ ሲጠፋው የሚቀላው ጆሮው ነበር።

«ይሄ እኮ የአፍ ምርቃት ነው» አለ። «በአፍ የሚባለው።»

«ምስርስ በየት ነው የሚገባው?» አለች ዘሃራ። «በአፍ አይደለም?»

ገበያው ሳቀ። ልዑልሰገድ ፊቱን አዞረና ለበላዮቹ ደወለ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ጊዜም በልክ ስለሆነ ለእሱ ረዘመ፣ ለእኛ አጠረ። ሲመለስ ትንሽ ደስ ብሎታል።

«ተወስኗል። ምርቃት ከሆነ ቃል ይኑረው። ቃሉ እስካልተቋረጠ ድረስ አፍሺ። ቃሉ ካለቀ በኋላ የወረደች አንዲት ፍሬ ምስር ከልክ በላይ ናት፤ ሱቁም ይታሸጋል።»

ማን እንደሆንኩ ያውቃል። እኔ ምላሴ ለጠብ እንጂ ለምርቃት አልተፈታም። ጆንያውን ይዤ «ነፍሱን ይማር፣ ለእርስዎም ጤና ይስጥልን፣ ያኑርልን» አልኩና አለቀብኝ። የወረደው አንድ ጣሳ ቢሞላ ነው። እትዬ የወረደውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። 

«አቁሚ፣ አትንኪው» አለች ዘሃራ። ከዚያ ወደ ሰዉ ጮክ ብላ «አባ ይማምን ጥሩ» አለች።

አባ ይማም ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። መራቂ ናቸው፤ አባታቸውም መራቂ ነበሩ። ችግሩ አያቆሙም። ሠርግ ላይ «አባ ይማም ይመርቁን» ከተባለ ሰው ጫማውን መፈለግ ይጀምር ነበር። አንድ ጊዜ ለመንገድ ምረቃ ተጋብዘው ሪባኑ የተቆረጠው ከምሳ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠራቸው አልነበረም። ቤታቸው ተቀምጠው ለሚያልፈው መኪና ይመርቁ ነበር።

በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ከዘራቸውን ተከሉና «ለማን ነው?» አሉ።

«ለሙሄ ተዝካር ነው አባ።»

«ድንኳን ተካዩ ሙሄ?»

«አዎ።»

«ጆንያው ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለት ብቻ?» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ጀመሩ። «ሙሄ የተከለውን ድንኳን የሰማይ ድንኳን ያድርግለት፤ የተሸከመውን ድስት በጀርባው ላይ ብርሃን ያድርግለት፤ ያጎረሰችው እጅ አትድረቅ፤ የቀረችው ሚስቱ ቤቷ በሰው ድምፅ ይሙላ፤ ደጇ አይዘጋ፤ እሳቷ አይጥፋ፤ የመጣው አይመለስባት፤ የሄደው አይርቃት…» ሰዉ «አሚን» ይላል። ሰዉ አሚን ሲል እሳቸው ይተነፍሳሉ። ልዑልሰገድ አንድ ጊዜ «አሚን ሲባል ቃሉ ተቋርጧል» ለማለት ሞከረ። «አሚን ቃል አይደለም እንዴ?» አለው አንዱ ሸማች። እኔና ዘሃራ እናፈሳለን። አባ ይማም የሟቹን ዘር ጨርሰው ወደ ገበያው ገቡ። ሽንኩርት ሻጮችን መረቁ፤ ጨው ሻጮችን መረቁ፤ የበሬዎቹን ቀንድ፣ የአህዮቹን ሰኮና መረቁ። ሁለተኛው ኩንታል ተፈታ። «ይህን ተቆጣጣሪ ልጅም ከመቆጣጠር ያሳርፈው፤ ለአለቆቹ ልብ ይስጣቸው፤ ለሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይስጠው።»

«አሚን» አለ ልዑልሰገድ። ከሁላችንም ቀድሞ ነው ያለው። ከዚያ ደነገጠ።

የመጨረሻዋ ፍሬ ስትወርድ አባ ይማም የኮምቦልቻን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየመረቁ ነበር። እንዲያቆሙ ነገርናቸው። ቅር እያላቸው አቆሙ።

እሑድ ተዝካሩ ተበላ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ እስከ መንገዱ ተቀመጠ። አምባሩ የሚበላውን ሁሉ ስለሚመዘግብ ሰዉ ከመቀመጡ በፊት እያወለቀ የድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቀለው። አምባር ሲወልቅ ባለቤቱ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በድሮው ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት ድረስ ሰፈራችን በሙሉ ሞቶ ነበር። በልተን ስንነሳ ለእያንዳንዳችን የሐዘን መግለጫ ደርሶናል። እትዬ ይመኙሻል ድስቱን በየጊዜው እየከፈቱ ያያሉ። ማታ ላይም ከሥሩ ወጥ ነበረው። ለሄደው ሁሉ በሰሐን አስያዙት።

ያለቀ መስሎን ነበር። ማክሰኞ ለእትዬ ደብዳቤ መጣ። ልዑልሰገድ ራሱ ነው ያመጣው፤ እያነበበ ቀና ብሎ አላያቸውም። ምርቃት በልክ አይሰፈርም ይላል ደብዳቤው፤ መብላት ግን ይሰፈራል። ሁለት ኩንታል ምስር በአንድ ቀን ተበልቷል። የበሉት ሰዎች በፊርማቸው ካልታወቁ በስተቀር የተበላው በሙሉ በባለቤቲቱ ስም ይያዛል፤ ከየቀኑ ልካቸውም እስኪተካ ድረስ ይቀነሳል።

«እስከ መቼ ነው የሚተካው?» አልኩት።

«አስልተውታል» አለ። «ሃያ አንድ ዓመት።»

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «እስከ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቴ?»

«እስከ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመትዎ።»

«ዕድሜስ ሰጡኝ» አሉ እትዬ። ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። እሱ እንደሄደ «አልቆጭም» አሉኝ። «በልቶለታል ሰዉ። ይቀንሱኝ።» ሁለት ማንኪያ ነበር የቀራቸው። ከዚያ ላይ ነው የሚቀንሱት።

ረቡዕ ጠዋት ልዑልሰገድ ገበያው መሃል ጠረጴዛ አስቀምጦ መዝገብ ከፈተ። በልቻለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ከእሱ ልክ ይቀነስበታል። ጽሕፈት ቤቱ አንድም ሰው አይመጣም ብሎ ነው አንድ መዝገብ ብቻ የላከው። እኔ ፈረምኩ። ዘሃራ ፈረመች። አባ ይማም ፈረሙና መዝገቡን መረቁት። ከዚያ ሽንኩርት ሻጮቹ መጡ፤ ከነሱ ኋላ ሰልፉ ወደ ድልድዩ ሄደ። እስከ ቀትር መዝገቡ አለቀና ሌላ ተላከ። ከሰዓት ደግሞ ተዝካሩን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች መምጣት ጀመሩ።

«አንተ እኮ እሑድ ሐርቡ ነበርክ» አለው ልዑልሰገድ አንዱን። «እዚያ አይቼሃለሁ።»

«ተልኮልኝ ነው የበላሁት።»

«በምን ተላከልህ?»

«በሰሐን።»

ቀጥላ የቆመችው ሴት ከደጋን ነው የመጣችው። «አንቺስ?»

«የሱን ሰሐን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስልሰው ቀምሼዋለሁ።»

ልዑልሰገድ ጻፈ። ምን ያድርግ፣ በልቻለሁ ያለን ሰው አልበላህም የሚል አንቀጽ የለም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ሦስት ቀን ተፈረመ። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ሆነ። የመጨረሻው ፊርማ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ጽሕፈቱን ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ አውቀዋለሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ሒሳቡን ሠራ። የሁሉም ሰው የዕለት ልክ ከሁለቱ ኩንታል ላይ ተነሳ። የተረፈው «ከልክ በላይ» ለፈራሚዎቹ ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ ግማሽ ፍሬ ምስር ደረሰ። ለእትዬ ይመኙሻልም ግማሽ ፍሬ ምስር።

አዋጅ አዋጅ ነውና ይቀነስ ተባለ። ሰኞ የመጀመሪያው ፈራሚ ሱቄ መጥቶ አምባሩን አስጠጋ። ሚዛኗ ልኩን አወረደች፣ ከዚያ ግማሽ ፍሬ ልትቀንስ ቆመች። ቆየች። አንዷን ፍሬ ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ በዚያ በትሁት ድምፅዋ «እባክዎ ፍሬዋን ይክኩልኝ» አለች።

ስለዚህ ምስሯን በጥርሴ እየያዝኩ እከካለሁ። ልዑልሰገድ አጠገቤ ተቀምጦ ግማሿን በፖስታ ውስጥ ያደርጋል፣ ስም ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። በቀን አርባ ሰው ብናስተናግድ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ማንም ግን አይቸኩልም። ሰው ሁሉ ደረሰኙን ሳይቀበል አይሄድም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ «ተዉት» የሚል ስልክ ተደወለ። በጽሑፍ ይምጣልን አልን።

እትዬ ይመኙሻል በዘጠነኛው ቀን ተራቸው ደረሰ። የእሳቸው ደረሰኝ እንደ ባለቤትነታቸው ተለቅ ያለ ነው። ልዑልሰገድ ቆሞ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «የሟች ስም፦ ሙሄ አሊጋዝ። ተዝካሩን የበላ ሰው ብዛት፦ 3,318። ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» ይላል፤ ከሥሩ ክብ ማኅተም አለበት።

እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም። እትዬ በመስተዋት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ቤታቸው የገባ ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ ለማይችል እሳቸው ቆመው ያነቡለታል። ባለፈው ሳምንት የሟቹ የእድር ሊቀመንበር ሚስት ስለ ባሏ ተዝካር ብዙ ስታወራ እትዬ ዝም ብለው ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ከዚህ በላይ የተበላለት ባል ያላት» አሉ፣ «ወረቀቷን ታምጣ።»